የአባዬ የጂን ኤክስፐርት ውጤት «ትሬስ» ይላል፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ማለት ነው? (ክሩ ስለረዘመ መልሶቹን በየቁጥሩ ጽፌያቸዋለሁ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ክር ከከፈትኩት ወር ሊሞላው ነው። መልሱ ተቆልሎ አዲስ የሚገባ ሰው ማን ለማን እንደመለሰ አይገባውም፣ ኢንቦክስም ያው አንድ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣልኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኩትንና እናንተ የመለሳችሁልኝን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የተሰረዙትን ትቻቸዋለሁ፣ አንዳንዱ መሰረዙም ጥሩ ነው።

የኔ ጥያቄ

አባዬ ያለው መንዝ ነው፣ ከመሀል ሜዳ ወጣ ብሎ። 63 አመቱ ነው። የዛሬ 3 አመት ቲቢ ይዞት 6 ወር ሙሉ መድኃኒቱን ወስዶ ጨርሷል፣ አንድ ቀን አላጓደለም፣ ይሄን በደንብ አውቃለሁ ምክንያቱም ያኔ እዛው ነበርኩና ኪኒኑን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ሳሉ ተመለሰበት፣ 3 ሳምንት አልፎት እምቢ ሲለው ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ሰጠ፣ አክታው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ወዳለበት ተልኮ በ11ኛው ቀን ወረቀት መጣ። ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ኤምቲቢ ዲቴክትድ (የቲቢ ባክቴሪያ ተገኝቷል) ትሬስ ይላል፣ ከስሩ ደግሞ ሪፍ ሬዚስታንስ ኢንዲተርሚኔት። ወረቀቱን የሰጠው ልጅ ሬዚስታንስ የምትለዋን አይቶ መድኃኒቱን የተላመደ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነገረው፣ በቃ። ሌላ ማብራሪያ የለም፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሂድ ብቻ።

አባዬ ያን ቀን ማታ ከቤት ወጥቶ ገለባ የሚቀመጥባት ጎጆ ውስጥ መተኛት ጀመረ። ባናውን ለየ፣ ዋንጫውን ለየ፣ የቡና ስኒውን ምስማር ላይ በክር አንጠለጠላት ሌላ ሰው እንዳይነካት። የመንዝን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እማዬ ቡና ስታፈላ ጎረቤት ቀረ። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ በስልክ ሲያወራኝ ልጆቹን እንዳታመጪ አለኝ። ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነበር፦ ትሬስ ማለት ምንድነው፣ ኢንዲተርሚኔትስ? ተላምዷል ማለት ነው ወይስ አይደለም?

1ኛ መልስ

ደብረ ሲና አካባቢ ላብራቶሪ የሚሰራ ወንድም ነው የመለሰልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ከሁሉም ረጋ ብሎ የጻፈው እሱ ነው። እንደነገረኝ ጂን ኤክስፐርት ባክቴሪያውን አያየውም፣ የባክቴሪያውን ዘረመል ቁራጭ እያባዛ ነው የሚፈልገው። በማይክሮስኮፕ ለማየት በ1 ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ መኖር አለበት፣ የመጀመሪያው የጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅ (አክታው ገብቶ የሚመረመርበት እቃ) ወደ 130 ገደማ ሲኖር ያገኘዋል፣ አሁን አልትራ የሚሉት ደግሞ 16 ገደማ ይበቃዋል። እና አልትራ ሁለት ነገር ነው የሚፈልገው። አንዱ ባክቴሪያው ውስጥ ብዙ ቦታ ተደጋግሞ የሚገኝ ቁራጭ ነው፣ ስለሚደጋገም በቀላሉ ይገኛል። ሁለተኛው አርፒኦቢ የሚባል ጂን ነው፣ እሱ አንድ ብቻ ነው፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋናውን መድኃኒት ባክቴሪያው ተላምዶት እንደሆነ የሚታወቀው እዚህ ጂን ላይ ለውጥ ሲገኝ ነው። ትሬስ ማለት የተደጋገመው ቁራጭ ተገኘ፣ አንዱ ጂን ግን አልተገኘም ማለት ነው፣ በጣም ጥቂት ስለሆነ። ጂኑ ካልተገኘ ደግሞ ማሽኑ ስለመላመድ ምንም ሊል አይችልም። ኢንዲተርሚኔት የሚለው ለዚህ ነው፣ አላውቅም ማለቱ ነው።

ይሄን መልስ 3 ጊዜ አነበብኩት። ወረቀቱን የሰጠው ልጅ ይቺን አንዷን ነገር ለአባዬ ቢነግረው ኖሮ ያ ሁሉ ሌሊት ገለባ ላይ አይታደርም ነበር፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

2ኛ መልስ

አንዲት እህት ስለ ውጤቱ ምንም ሳትል የለጠፍኩት የወረቀቱ ፎቶ ላይ የአባዬ ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥሩ እንደሚታይ ነገረችኝ። ቆጣ ብላ ነው የጻፈችው፣ የቀበሌውም ስም አለ፣ ሰፈርሽ ሁሉ እዚህ መድረክ ላይ ነው ብላ። ልክ ናት። ወዲያው አነሳሁት ግን እስከዛ ስንት ሰው እንዳየው አላውቅም።

3ኛ እና 4ኛ መልስ

እዚህ ጋ ነው መሟሟቅ የጀመረው። 3ኛው ላይ የጻፈው ሰው ማሽን አይዋሽም፣ ተገኘ ካለ ተገኘ ነው፣ ዛሬውኑ መድኃኒት ይጀምር፣ ትንሽ ብዙ የሚባል ነገር የለም ባይ ነው። ለአባዬ አስቦ እንደሆነ ይገባኛል።

4ኛዋ አለም ከተማ ነርስ ናት፣ አረመችው፣ መጀመሪያ በትህትና። ማሽኑ ዘረመል ነው የሚያገኘው፣ ዘረመሉ በህይወት ካለ ባክቴሪያ ይሁን ከሞተ መለየት አይችልም፣ ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ሳንባ ውስጥ ደግሞ የሞተው ባክቴሪያ ቅሪት አመታት ሊቆይ ይችላል፣ በተለይ ህክምናውን ከጨረሰ 5 አመት ያልሞላው ሰው ላይ ትሬስ ሲመጣ ሐኪም ዝም ብሎ ወረቀቱን አምኖ መድኃኒት አይጀምርም፣ ራጅ ያያል፣ ምልክቱን ያያል፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ይልካል። ሕፃን ቢሆን ወይ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ቢሆን ግን ትሬስም እንደ ቲቢ ተቆጥሮ ህክምና ይጀመራል አለች፣ ምክንያቱም እነሱ አክታቸው ውስጥ የሚወጣው ባክቴሪያ ጥቂት ነው፣ ቢቆይባቸው ደግሞ አደጋው ከባድ ነው። መድኃኒት እየወሰደ ያለን ሰው ለውጡን ለመከታተልም በዚህ ማሽን አይመረመርም፣ በማይክሮስኮፕና በካልቸር ነው፣ ምክንያቱ ያው የሞተውን ስለሚያነሳው ነው።

እና ደግሞ ያላሰብኩትን ነገር ጨመረችልኝ። ቲቢ በዋንጫ፣ በስኒ፣ በባና አይተላለፍም፣ በአየር ነው። አባትሽን ከብርድ አውጪው፣ ቤቱ ውስጥ ይተኛ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሲስል አፉን በነጠላው ይሸፍን አለችኝ። ወዲያው ደወልኩለት። ስለ ስኒው ስነግረው ዝም አለ፣ ከዛ እማዬን ስጠኝ ያልኩት ይመስል ስልኩን ለእማዬ አቀበላት።

3ኛው ሰውዬ አልተዋጠለትም። ተመልሶ መጥቶ ነርስ ዶክተር አይደለም አለ፣ እሷም አንተስ ምንድነህ አለችው፣ ከዛ 6 ወይ 7 መልስ በዚሁ ሄደ። ለኔ ግን ከክሩ ሁሉ የጠቀመኝ 1ኛውና 4ኛው ነው፣ ይሄን ሳልደብቅ እላለሁ።

5ኛ መልስ

ሸዋ ሮቢት ያለች እህት የወንድሟን ነገር ጻፈች፣ ረጅም ነው፣ እያለቀሰች የጻፈችው ይመስለኛል። ወንድሟ ማሽኑ አካባቢያቸው ሳይደርስ በፊት ነው የታመመው። በማይክሮስኮፕ ቲቢ ነው ተብሎ የተለመደውን መድኃኒት ጀመረ፣ አልተሻለውም፣ ደገሙለት፣ አልተሻለውም፣ መጨረሻ ላይ ካልቸር ተልኮ ወራት ቆይቶ መድኃኒቱን የተላመደ ነው ተባለ። እስከዛ አብሮት የሚተኛው ታናሽ ወንድማቸውም ያዘው። ታላቅየው በየቀኑ መርፌ ነበር ለወራት፣ ጠቅላላ ህክምናው 20 ወር ፈጀ። ዳነ። ጆሮው ግን ቀረ፣ መርፌው ጆሮ እንደሚጎዳ ማን ነግሮት። አሁን ልጆቹ ሲያወሩት ከንፈራቸውን እያየ ነው። ታናሽየው ሲያዝ ግን ማሽኑ ነበር፣ አክታ በሰጠ በማግስቱ ቲቢ መሆኑም ሪፋምፒሲንን መላመዱም ታወቀ፣ ያለ መርፌ ታከመ፣ ጆሮው ይሰማል።

ከዚህ ስር ነርሷ እንደጻፈችው የዓለም ጤና ድርጅት ጂን ኤክስፐርትን የደገፈው በፈረንጆች 2010 መጨረሻ ነው፣ በ2022 ደግሞ በኪኒን ብቻ የሚሰጥ የ6 ወር ህክምና መክሯል ለተላመደው ቲቢ። ማሽኑን መራገም ጀምሬ ነበር፣ የዚችን እህት ካነበብኩ በኋላ አፌን ሰበሰብኩ። በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች፣ አንዱ ይሰማል አንዱ አይሰማም፣ መሀላቸው ያለው ልዩነት ይሄው ማሽንና ያለ መርፌ የሚሰጠው ህክምና ነው።

6ኛ እና 7ኛ መልስ

6ኛው ማሽኑ 2 ሰዓት አይሞላውም፣ 11 ቀኑ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። 7ኛው ናሙና በሞተር የሚያመላልስ ሰው ነኝ አለ፣ ወረዳውን አልጠራም። በሳምንት 2 ቀን ብቻ ነው የሚዞረው፣ አክታው አርብ ከሰዓት ከተሰጠ እስከ ማክሰኞ ይተኛል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ውጤቱም በወረቀት ስለሆነ በዛው ሞተር ነው የሚመለሰው። አንዳንዴ ውጤቱ ሲደርስ በሽተኛው የለም፣ ጸበል ሄዷል ወይ አዲስ አበባ ልጁ ጋ ሄዷል ወይ አርፏል። ይሄን የጻፈው ምንም ሳያማርር ነው፣ እኔን ግን አንጀቴን በላው።

8ኛ መልስ

የላቦራቶሪው ወንድም ተመልሶ መጣና ማሽኑ ራሱ ምን እንደሚያስቸግር ነገረን። ማሽኑ የሚሰራበት ክፍል ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ መሆን አለበት፣ ካርትሪጁ የሚቀመጥበት ደግሞ ከ2 እስከ 28። እንግዲህ ጣርማበርን አስቡት። ወዲህ ላይኛው ደብረ ብርሃንና መንዝ ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ከ15 በታች ይወርዳል፣ ወዲያ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ ከ30 በላይ ይወጣል። አንዱ ጋ ማሞቂያ ሌላው ጋ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፣ ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ። ምርመራው መሀል ላይ መብራት ከጠፋና ባትሪው ካልያዘ ካርትሪጁ ተበላሸ፣ እንደገና አክታ። በአብዛኛው ጤና ተቋም ያለው ማሽን 4 ሞጁል ነው ያለው፣ በአንድ ጊዜ 4 ሰው፣ አንዱ ሞጁል ከተበላሸ 3 ነው። ስለ ዋጋው ለጠየቀ ሰው ደግሞ አንዱ ካርትሪጅ ለድሃ አገሮች በሚሸጥበት ዋጋ ለብዙ አመት ከ10 ዶላር ትንሽ የሚያንስ ነበር፣ በ2023 ወደ 8 ዶላር ገደማ ወረደ ብሏል።

9ኛ መልስ

እዚህ ላይ ወሬው ከቲቢ ወጣ፣ ግን መውጣቱ ጥሩ ነበር። ሞረትና ጅሩ በኩል ጤና ኤክስቴንሽን የነበረች እህት ስለ ማህጸን በር ካንሰር ምርመራ ጻፈች። በአገራችን ከ30 እስከ 49 አመት ላሉ ሴቶች የሚሰጠው የተለመደው ምርመራ የማህጸን በሩን አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም እንደ ኮምጣጤ ያለ ነገር፣ ቀብቶ በአይን ማየት ነው። አሁን ደግሞ ኤችፒቪ የሚባለውን ቫይረስ በዘረመሉ የሚፈልግ ምርመራ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በቅድሚያ ይሄኛውን ነው የመከረው፣ ሴቷ ራሷ በትንሽ ብሩሽ ናሙናዋን ወስዳ መስጠት ትችላለች፣ ለሚያፍሩ እናቶች ትልቅ እፎይታ ነው።

ያጋጠማት ነገር ግን ይሄ ነው። አንዲት የ4 ልጆች እናት ናሙና ሰጠች፣ ውጤቱ በስልክ ተነገራት፣ ቫይረስ ተገኝቶብሻል ነይ ተብላ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፣ ባልየው አጠገቧ ነው። እኛ አገር ቫይረስ ከተባለ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። በ3ኛው ቀን ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት ገባች። ሄዳ ስትታይ ማህጸን በሯ ላይ ምንም ቁስል የለም፣ ካንሰርም የለባትም፣ ኤችአይቪም የለባትም፣ ቀጠሮ ተሰጥቷት ተመለሰች። ኤችፒቪ በጣም የተለመደ ቫይረስ ነው፣ አብዛኛውን ሰውነት በራሱ በ1 ወይ በ2 አመት ያጠፋዋል፣ ከማያጠፉት ውስጥ ነው ጥቂቱ ብዙ አመት ቆይቶ ወደ ካንሰር የሚሄደው፣ ምርመራውም ያን ቀድሞ ለመያዝ ነው። ይሄን ሁሉ ግን ማን ይንገራት በስልክ? ያቺ ልጅ እስከዛሬ አባቷ ቤት ናት።

10ኛ፣ 11ኛ እና 12ኛ መልስ

10ኛው ላይ አንድ ሰው ባልየው መጠየቅ መብቱ ነው፣ ቫይረስ ከሰማይ አይወርድም አለ። እኔ ራሴ ልመልስለት ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ 11ኛዋ ቀደመችኝ። በጣም ስል አድርጋ ነው የመለሰችለት። ቫይረሱ ምንም ምልክት ሳያሳይ አመታት ይቀመጣል፣ ከማን እንደመጣና መቼ እንደመጣ ምርመራው አይናገርም፣ ወንዱም ይሸከመዋል ግን ለወንድ በተለምዶ የሚሰጥ ምርመራ ስለሌለ ወረቀት የሚወጣው ሁልጊዜ በሴቷ ስም ነው፣ ስለዚህ ፍርድ ከመስጠትህ በፊት አንተ ራስህ ንጹህ መሆንህን በምን አወቅክ አለችው። ከዛ በኋላ የተጻፈውን አልደግመውም፣ ስድብ ነው፣ 12ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ገብቶ 9 መልስ ሰረዘ። በመሀል አንድ አባት ሴት ልጃቸው 14 አመት ስለሆናት ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የኤችፒቪ ክትባት ትውሰድ ወይ ብለው ጠየቁ፣ በጸቡ መሀል ማንም አላያቸውም። ነርሷ በማግስቱ አይታ ይውሰዱላት፣ አገራችን ከፈረንጆች 2018 መጨረሻ ጀምሮ እየሰጠችው ነው፣ ካንሰሩን ከሚያመጡት ዋና ዋናዎቹ ሁለት አይነቶች እሱ ይከላከላል፣ እነሱ ሁለቱ ብቻ ከ10 የማህጸን በር ካንሰር 7ቱን ያመጣሉ ብላ መለሰችላቸው።

13ኛ መልስ

አንድ ትልቅ ሰው አባትሽን ጻድቃኔ ማርያም ይዘሽው ሂጂ አሉኝ፣ ሌላው ሸንኮራ ዮሐንስ ይሻላል አለ። አንድ ልጅ ደግሞ ተነስቶ በዚህ ዘመን ጸበል ምናምን እያለ ሰው ያስቀየመ ነገር ጻፈ፣ ጋሼን እንደዛ መናገር አልነበረበትም። ዲያቆን የሆነ ወንድም ነው ያበረደው፣ አባቶች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረዋል፣ የሚያጣላ ነገር የለም ብሎ። አባዬም ያኔ ኪኒኑን በጸበል ነበር የሚውጠው፣ ዳነም። ነርሷ አንድ ነገር ብቻ ለመነችን፦ የሚያስል ሰው ውጤቱ ሳይታወቅ ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበት የጸበል ማደሪያ አይደር፣ ጸበሉን አምጥታችሁለት ቤቱ ይጠጣ። ጋሼም ተቀበሉት።

14ኛ መልስ

አንዱ በደም ምርመራ ብቻ 50 አይነት ካንሰር ይነግራል የሚባል ነገር ውጭ አገር አለ፣ ለአባትሽ ያን አሰሪለት አለ። አልመለስኩለትም። ሌላ ሰው ግን እንደዛ ያለው ምርመራ ካንሰር ሳይኖር አለ ሊል ወይም እያለ ሊያልፈው እንደሚችል፣ በዘር የሚመጣን አደጋ የሚያሳየው የጂን ምርመራም ወደፊት ሊመጣ የሚችለውን እንጂ አሁን ያለውን በሽታ እንደማይናገር ጽፎለታል።

15ኛ መልስ

የላቦራቶሪው ወንድም ነው፣ በድጋሚ ስለሚሰጠው አክታ። ይሄን ሁላችሁም ለቤተሰባችሁ ንገሩ፣ እኔ አላውቅም ነበር። ጠዋት ከመብላቱ በፊት አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ፣ ሁለት ሶስቴ በረጅሙ ይተንፍስ፣ ከዛ ከደረቱ ጠልቆ ይሳል። ምራቅ አይደለም የሚፈለገው። ምራቅ ከሆነ ማሽኑ የለም ሊል ይችላል፣ በሽታው ግን እያለ። ላብራቶሪ ሲደርስ አክታው ላይ እጥፍ የሆነ ፈሳሽ ተጨምሮበት ተነቅንቆ 15 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ከዛ ካርትሪጁ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የሰው እጅ አይነካውም። ማሽኑ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የገባለትን ነው የሚያየው አለ።

16ኛ፣ የራሴ መልስ

ቅዳሜ ሄጄ አባዬን አመጣሁት። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስንሄድ ያቺን ስኒ በጋቢው ኪስ ነገር ይዟት ነበር፣ ተራ ስንጠብቅ ሻይ ሲገዛለት አውጥቶ በእሷ ቀዳ። አላስጣልኩትም። ሐኪሟ ራጁን መስኮት ላይ አድርጋ አሳየችው፣ ይሄ ነጩ የድሮው ጠባሳ ነው ብላ በጣቷ እየተከተለች፣ የዛሬ 3 አመት የታከመበትን ጊዜ አስታውሳ፣ በአማርኛ፣ ለሱ እንጂ ለኔ አይደለም የምታወራው። አዲስ አክታ ሰጠ፣ በዚያው ቀን ውጤቱ መጣ፣ አልተገኘም። ለካልቸር ደግሞ ሌላ ተላከ፣ እሱ እስከ 42 ቀን ይፈጃል። እስከዛ ለሳሉ ሌላ መድኃኒት ተሰጠው፣ የድሮው ቲቢ ሳንባውን ጎድቶት ሊሆን ይችላል፣ ሳሉ ከሱ ሊሆን ይችላል ተባልን። ዛሬ 19ኛ ቀናችን ነው። ሳሉ ቀነስ ብሏል፣ ላቡ ቆሟል። ገለባ ቤት አይተኛም።

ከዚያ በኋላ የመጡት

ብዙው እንኳን ደስ አለሽ ነው፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ገና ነው፣ ካልቸሩን እየጠበቅን ነው። 3ኛው ሰውዬም ተመልሶ መጣ፣ ነርሷን ይቅርታ አልጠየቃትም፣ ግን የአክስቱ ልጅ ትሬስ እንደመጣበት ጽፎ ምን እናድርግ ብሎ እሷኑ ጠየቃት፣ እሷም ምንም ሳታነሳ በፊት ታክሞ ያውቃል ወይ ብላ ነው የጀመረችው። የሞተሩ ወንድም ውጤት በስልክ መልእክት መላክ ቢጀመር ከሚጠበቀው ቀን ግማሹ ይቀንሳል አለ፣ የ9ኛዋ እህት ደግሞ ያቺን ልጅ አስታውሱ ብላ ተቃወመችው፣ አሁንም እየተከራከሩ ነው፣ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ትናንት ማታ ደግሞ አንዲት ልጅ ከግሼ ራቤል የእናቷን ወረቀት ፎቶ ለጠፈች፣ እሱም ትሬስ ይላል። ስሟ፣ ቀበሌዋ፣ ሁሉም ይነበባል። መጀመሪያ ስሙን ሸፍኚና መልሰሽ ለጥፊው፣ ከዛ እናትሽ በፊት ቲቢ ታክማ ታውቃለች ወይ ንገሪን አልኳት። ፎቶውን አንስታዋለች፣ እስካሁን አልተመለሰችም።